ሕልም የሚመስል የዕቃ ሥዕል በዘይት ቀለም፦ የሬዶንና የቦናር መንገድ

ሕልም ሳሉ ሲባሉ ብዙዎች ወዲያው ወደ ጉድ ነገር ይሮጣሉ። ክንፍ ያለው ዓሣ፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ወንበር፣ ዓይን ያወጣ ድንጋይ። ይህም አንድ መንገድ ነው። ችግሩ ተመልካቹ ክንፉን አንዴ ካየ በኋላ ሥዕሉ ፊት የሚያቆየው ነገር ማጣቱ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ከጉድ ነገር ርቀው ሕልም የሳሉ ሰዓሊዎች ነበሩ። የሳሉት የአበባ ማስቀመጫ፣ የፍራፍሬ ሳህን፣ ስኒ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ነው። ከማንም ቤት የማይጠፋ ዕቃ። ሆኖም ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ ዕቃው የት እንደተቀመጠ፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እርግጠኛ መሆን ያቅታችኋል።

እንዲህ ያለ የዘይት ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሄድበታለን። አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ፦ ሕልሙ የሚገኘው በመቀነስ ነው። መጀመሪያ ዕቃው ራሱ ከፊታችሁ ይነሳል። ቀጥሎ የጠረጴዛው ጠርዝ ይጠፋል፣ ከዚያ የብርሃንና የጨለማ ልዩነቱ፣ ከዚያ ጥላው። ብሩሽ ይዛችሁ የምታውቁ ከሆነ ይበቃል፤ የተዋጣላችሁ ሰዓሊ መሆን አይጠበቅባችሁም።

መጀመሪያ ሁለቱን ሰዎች እንወቃቸው

ኦዲሎን ሬዶን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ቦርዶ ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። እስከ ሃምሳ ዓመቱ ገደማ በአብዛኛው የሠራው በከሰልና በሊቶግራፍ (ድንጋይ ላይ ተስሎ በሚታተም ሥዕል) ነው፤ ሁሉም ጥቁር። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ግን ወደ ቀለም ዞረ። በፓስቴል (ጠመኔ በሚመስል ደረቅ ቀለም) እና በዘይት አበባ መሳል ጀመረ፣ በ1916 ፓሪስ ውስጥ እስኪሞት ድረስም አልተወውም። የሬዶንን አበባዎች ስታዩ ማስቀመጫው ብዙ ጊዜ የቆመበት ጠረጴዛ የለም። ከኋላውም ግድግዳ የለም። ያለው ቀለም ብቻ ነው፤ ሮዝ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ፣ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ሲሟሟ። ያ ሁሉ የከሰል ዘመን ከንቱ አልነበረም። ጨለማን ሲያደበዝዝ የኖረ እጅ ነው ቀለሙንም ያደበዘዘው።

ፒየር ቦናር በ1867 ተወልዶ በ1947 ሞተ። በ1926 ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከካን ከተማ በላይ ባለችው ለ ካኔ ትንሽ ቤት ገዛ። የዚያን ቤት ምግብ ክፍል፣ መስኮትና ጠረጴዛ ደጋግሞ ሳለው። ለእኛ ትልቁ ነገር የአሠራሩ ነው። ዕቃውን ፊቱ አስቀምጦ በዘይት አይስልም። በእርሳስ ትንንሽ ንድፎች ይወስዳል፣ የቀኑን አየር በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ሥዕሉን ከንድፉና ከትዝታው ይሠራል። ሸራውንም በእንጨት ላይ ሳይወጥር ግድግዳ ላይ ይመታውና ይሠራበታል፤ የሚቆረጠው ሲያልቅ ነው።

የእኛው እስክንድር ቦጎሲያንም ፓሪስ ውስጥ ለዓመታት ኖሮ ሕልም ስሏል። የእሱ ግን እንግዳ ፍጥረታት የሞሉበት ሌላ ዓለም ነው። ለሱ ሌላ መመሪያ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሸራ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሥዕል ይበቃል። ግን ሸራውን በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡት። ምክንያቱ በኋላ ይመጣል። አክሪሊክ ጄሶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ቀቡት። ለሥዕል የተዘጋጀውን ማለቴ ነው እንጂ ለግድግዳ የሚለሰነውን ጄሶ አይደለም፤ እሱ ተሰነጣጥቆ ይራገፋል። ጄሶውን መዝለልም አይቻልም። ዘይቱ በቀጥታ ጨርቁ ውስጥ ከገባ ክሩን እያደር ይበላዋል።

ቀለም፦ ቲታኒየም ነጭ (ትልቁን ቱቦ ግዙ፤ ቶሎ ያልቃል)፣ ፈዛዛ ካድሚየም ቢጫ፣ ቢጫ ኦከር፣ ካድሚየም ቀይ፣ አሊዛሪን ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ቪሪዲያን አረንጓዴ። አሊዛሪን ስትገዙ የማይለቀውን ዓይነት ጠይቁ፣ የድሮው በብርሃን ይደበዝዛል። ጥቁር ቀለም አትግዙ። ካላችሁም ለዚህ ሥዕል መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።

ብሩሽ፦ ፀጉሩ ጠንካራ የሆነ፣ ሰፊና መካከለኛ፣ ሦስት ወይም አራት። አንድ ለስላሳ ትንሽ ብሩሽም ይኑር። ያረጀና ፀጉሩ የተንጨባረረ ብሩሽ ካላችሁ አትጣሉት። እዚህ ሥራ ላይ ከአዲሱ ይበልጣል።

ዘይት፦ የዘይት ቀለም ማለት የቀለም ዱቄት በተልባ ዘይት ተለውሶ ማለት ነው። አዎ፣ የምናውቀው ተልባ። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ በመትነን አይደርቅም። ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ወደ ጠንካራ ቆዳ ይለወጣል። ለዚህ ነው ሥዕሉ ለመድረቅ ቀናትና ሳምንታት የሚወስደው። ለምግብ የተጨመቀውን ሳይሆን ለሥዕል የተጣራውን ተጠቀሙ። ማቅጠኛውም ተርፐንታይን ወይም ሽታ የሌለው የሰዓሊ ማቅጠኛ ይሁን። የመኪና ቀለም ቲነር ግን በጭራሽ፤ ለሳንባም ለሥዕሉም ኃይለኛ ነው።

በተጨማሪ ወፍራም ቡናማ ካርቶን፣ ያረጀ ጨርቅ፣ እርሳስ፣ ከሰል፣ ትንሽ ደብተርና ካሜራ ያለው ስልክ።

ደረጃ 1፦ ዕቃ መምረጥና ማስቀመጥ

ከሦስት እስከ አምስት ዕቃ ብቻ። አንድ ነጭ ወይም ፈዛዛ ነገር፣ አንድ ክብ ነገር፣ አንድ ቅርጹ የማይያዝ ነገር። ለምሳሌ ነጭ ስኒ፣ ሁለት ብርቱካን፣ የተበታተነ አበባ በትንሽ ማስቀመጫ። የሚያብረቀርቅ ብረትና ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ተዉ። ዓይን ጽሑፍ ካገኘ ማንበብ ይጀምራል፣ ማለም ያቆማል።

ጀበና ብታስቀምጡስ? ማንም አይከለክላችሁም። እኔ ግን ለመጀመሪያው ሥዕል አልመክርም። ጥቁር ነው፤ ጥቁረቱ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሁሉ ወደራሱ ይጎትታል። ስኒው ይሻላል።

ዕቃውን መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አትምታው። ደመናማ ቀን ወይም ማለዳ ጥሩ ነው። ከላይ የሚወርድ የአምፖል ብርሃን ቁርጥ ያለ ጥላ ስለሚሰጥ አጥፉት።

አቀማመጡ ላይ አንድ ብልሃት ከቦናር እንውሰድ። ዋናውን ነገር መሃል አታድርጉ። ወደ ጥግ ገፋ አድርጉት፣ እንዲያውም ግማሹ ከሥዕሉ ይውጣ። ዓይናችን ጥርት አድርጎ የሚያየው ትኩር ብሎ የሚመለከተውን ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ የደበዘዘ ነው። ስኒው ዳር ላይ ሲሆንና መሃሉ ባዶ የጠረጴዛ ልብስ ሲሆን፣ ተመልካቹ ስኒውን በዓይኑ ጫፍ እንዳየው ያህል ይሰማዋል።

ደረጃ 2፦ ንድፍ ወስዶ ዕቃውን ማንሳት

አሁን ዘይት የለም። ደብተርና እርሳስ ብቻ። ከእጅ መዳፍ የማይበልጡ ንድፎችን ውሰዱ፤ አንዱን ተቀምጣችሁ፣ አንዱን ቆማችሁ፣ አንዱን ወደ ጎን ሄዳችሁ። ቅርጹን አታሳምሩት። የምትፈልጉት የት ጠቆረ፣ የት ነጣ፣ ምን ከምን ጋር ተነካካ የሚለውን ነው።

ከንድፉ አጠገብ ቀለሙን በቃል ጻፉ። ‘ስኒ፦ ነጭ፣ ወደ ሊላ (ፈዛዛ ወይን ጠጅ) የሚያደላ። ከብርቱካኑ ሥር፦ ጥላ ሳይሆን አረንጓዴ ነገር። ልብሱ፦ ቢጫ፣ መስኮቱ በኩል ሰማያዊ።’ የአየሩንም ሁኔታ ጨምሩ። ደመና ነበር? ዝናብ ሊመጣ ነበር? ተራ ነገር ይመስላል፣ ሥዕሉ ግማሽ ላይ ሲደርስና ስትጠፉ ግን የምትመለሱት ወደዚህ ጽሑፍ ነው።

ፎቶ አታንሱ። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ ፎቶ አታንሱ። ፎቶው ሁሉንም ነገር እኩል ያስታውሳል። የእናንተ ትዝታ ግን አንዱን ያጎላል፣ አንዱን ይረሳል፣ አንዱን ቀለም ይለውጣል። የምንሠራውም ከዚያ ነው።

ንድፉ ሲያልቅ ዕቃዎቹን አንሱና መልሱ። ብርቱካኑን ብሉት። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይለፍ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ደረጃ ነው። ዕቃው ፊት ለፊት ከሌለ ይሳሳትብኛል ብሎ ያስባል። በእርግጥም ይሳሳታል። ዕቃው ፊታችሁ ካለ ግን እያንዳንዷን ነጸብራቅና ስንጥቅ ለመቅዳት ትሮጣላችሁ። ሲጨርሱ የሚገኘው ጥሩ የትምህርት ቤት ልምምድ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ደረጃ 3፦ ሸራውን ማቅለምና ግድግዳ ላይ መምታት

ነጭ ሸራ ላይ አትጀምሩ። ኦከርና ትንሽ ቀይ በብዙ ተርፐንታይን አቅጥናችሁ በጨርቅ ሸራው ላይ አዳርሱት። የምንፈልገው የደበዘዘ፣ ለዘብ ያለ ሮዝ ወይም ቡላማ ቢጫ ነው። አንድ ቀን ይደር። ይህ መደብ በኋላ በየቀለሙ መካከል እየሾለከ ሥዕሉን ያያይዘዋል።

ከዚያ ሸራውን በጠፍጣፋ ሰሌዳ ወይም ግድግዳ ላይ በትንንሽ ምስማር ምቱት። ያስተረፋችሁት ዳር አሁን ይጠቅማል። የሥዕሉ ወሰን የት እንደሆነ ገና አልወሰናችሁም፤ ወደ ግራ ልትሰፉ፣ ከላይ ልትቀንሱ ትችላላችሁ። የተወጠረ ሸራ ግን ገና ብሩሽ ሳታነሱ ወስኖላችኋል።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ንድፍ፣ ያለ ጠረጴዛ ጠርዝ

ከንድፋችሁ እያያችሁ በከሰል ቀለል አድርጋችሁ ሳሉ። ትርፉን ከሰል በጨርቅ አራግፉ፣ ያለዚያ ቀለሙን ያቆሽሸዋል።

ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የጠረጴዛውን የኋላ ጠርዝ አትሳሉ። ጠረጴዛ ከግድግዳ የሚለይበት ያ አግድም መስመር ክፍሉን ክፍል የሚያደርገው ነው። ሲጠፋ ዕቃው የሚያርፍበት ቦታ አጠራጣሪ ይሆናል። ሬዶን ብዙ ጊዜ ፈጽሞ ያጠፋዋል። ካስፈራችሁ በአንድ በኩል ብቻ አስቀሩትና በሌላው በኩል ይሟሟ።

ሁለተኛ፣ የጠረጴዛውን ገጽ ወደ እናንተ አዘንብሉት። ከላይ ሆናችሁ እንደምታዩት፣ ሳህኑ ክብ ሊሆን እስኪቀርብ። ስኒው ግን ከጎን የታየ ይሁን። በእውኑ ዓለም ሁለቱ አብረው አይታዩም። ተመልካቹ ስህተቱን ላያውቀው ይችላል፣ ግን ይሰማዋል።

ደረጃ 5፦ ቶኑን ማቀራረብ

የሥራው ልብ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ቶን ማለት አንድ ቀለም ምን ያህል የጠቆረ ወይም የነጣ እንደሆነ ነው። ቀይም ይሁን ሰማያዊ ግድ የለውም። ዓይናችን የነገርን ዳርና ርቀት የሚለየው በዋናነት በቶን ልዩነት ነው። ሁለት ቀለሞች ዓይነታቸው ተራርቆ ቶናቸው እኩል ሲሆን ዓይን ይቸገራል። ልዩነቱን ያያል፣ ዳሩን ግን በትክክል የት እንደሆነ መያዝ ያቅተዋል። ቀለሙ የሚርገበገብ፣ የሚንሳፈፍ ይመስላል።

ትልቁ ምሳሌ ክሎድ ሞኔ በ1872 የሳለው የሌ አቭር ወደብ ንጋት ነው፤ ፓሪስ ውስጥ ማርሞታን ሙዚየም አለ። ብርቱካናማዋ ፀሐይ ከግራጫው ሰማይ ላይ ስትርገበገብ ትታያለች። የሥዕሉን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ፀሐይዋ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅላ ልትጠፋ ትደርሳለች። ቶኗ ከሰማዩ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

እኛም ይህንኑ እናደርጋለን። ለጀርባው ሰማያዊ ሊላ ለውሱ፦ አልትራማሪን፣ ጥቂት አሊዛሪንና ብዙ ነጭ። ለፍሬው ብርቱካናማ ለውሱ፦ ካድሚየም ቢጫና ትንሽ ቀይ። ሁለቱን ፓሌት (የቀለም መለወሻ ሰሌዳ) ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። (ፎቶ የፈቀድኩት እዚህ ብቻ ነው።) ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። መጀመሪያ ላይ ሰማያዊው ጠቁሮ ታገኙታላችሁ፤ አልትራማሪን ከጠበቃችሁት በላይ ጨለማ ነው። ነጭ ጨምሩበት፣ እንደገና አንሱ። ሁለቱ ግራጫዎች አንድ እስኪመስሉ ድረስ ቀጥሉ። ስልክ ፍጹም መለኪያ አይደለም፣ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።

ሁሉም ነገር እኩል ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ሾርባ ይሆናል። ስለዚህ ከሥዕሉ አብዛኛውን በሁለት ወይም በሦስት ተቀራራቢ ቶን ያዙ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከጥፍር የማይበልጥ፣ ከሁሉ የነጣውንና ከሁሉ የጠቆረውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጉ። የስኒው ከንፈር ሊሆን ይችላል። ዓይን የሚያርፍባት እሷ ናት።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ጎረቤት ቀለም ጎረቤቱን እንደሚቀይር ነው። ሚሼል ኡዤን ሼቭረል የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ፓሪስ በሚገኘው ጎብላን የታፔስትሪ (ሥዕል የተሸመነበት የግድግዳ ጨርቅ) ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ መጣበት። ሲመረምረው ማቅለሚያው ምንም ችግር የለበትም፤ ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነው። በ1839 ይህን በመጽሐፍ አወጣው፣ የፈረንሳይ ሰዓሊዎችም ተማሩበት። ለእናንተ ትርጉሙ ቀላል ነው። ብርቱካኑ አልበራ ካለ ቀይ አትጨምሩ። አጠገቡ ያለውን ሰማያዊ አስተካክሉ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው የቀለም ድርብ

የዘይት ቀለም ሲያብለጨልጭ ሥዕሉ የዕቃ ገጽ ይመስላል። ሕልም የሚፈልገው ግን ደብዛዛ፣ ብርሃን የማይመልስ ገጽ ነው። እዚህ ላይ ኤድጋር ደጋ ይጠቀምበት የነበረውን ዘዴ እንዋስ።

ቀለሙን ከቱቦ ቡናማ ካርቶን ላይ ጨምቁት። አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት። ካርቶኑ ትርፉን ዘይት ይመጠዋል፤ በቀለሙ ዙሪያ የዘይት ቀለበት ሲሰፋ ታያላችሁ። የቀረውን ቀለም በቢላ አንሱና በተርፐንታይን አላሉት። አሁን ሲቀባ እንደ ፓስቴል ደረቅና ደብዛዛ ይሆናል። ነጩን መጀመሪያ ሞክሩት፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

በዚህ ቀለም ሙሉውን ሸራ በስሱ ሸፍኑ። ከጀርባው ጀምሩ። ዕቃውን በመጨረሻ፣ ጀርባው ከተወው ቦታ ላይ ጨምሩት። ዝርዝር አትግቡ። እዚህ እዚያ የመጀመሪያው ሮዝ መደብ ይታይ።

ማስጠንቀቂያ አለ። ዘይቱ የተመጠጠ ቀለም ለታችኛው ድርብ ብቻ ነው። የዘይት ሥዕል ሕግ ከታች ዘይት ያነሰው፣ ከላይ ዘይት የበዛው ነው። ዘይት የበዛው ከታች ከሆነ ቀስ እያለ ይደርቃል። ከላይ ያለው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ዘይቱ የተመጠጠውን ቀለም በወፍራሙ ከቀባችሁትም ዘይት ስላጠረው ሲደርቅ ሊራገፍ ይችላል።

እስኪደርቅ ጠብቁ። በስሱ የተቀባ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም፣ ጣታችሁ ላይ ቀለም እስካልወጣ ድረስ ዝግጁ ነው።

ደረጃ 7፦ በደረቅ ብሩሽ ማደብዘዝ

ከዚህ በኋላ ቀለሙን ከቱቦ እንዳለ ተጠቀሙ፤ ካስፈለገ አንድ ጠብታ የተልባ ዘይት። ያንን የተንጨባረረ ብሩሽ አውጡ። ፈዛዛ ቀለም ንኩና አብዛኛውን በጨርቅ ጥረጉት። ብሩሹ ሊደርቅ ሲል በጎኑ፣ ሳትጫኑ፣ በደረቀው ድርብ ላይ አሻሹ። ቀለሙ የሸራውን ጉብታ ብቻ ይነካል፤ ጎድጓዳው ውስጥ የታችኛው ቀለም ይቀራል። ከሩቅ ሲታይ የዕጣን ጭስ በፊቱ ያለፈ ይመስላል።

የፈዘዘ ቀለም በጨለማ ላይ እንዲህ ሲሻሽ ቀዝቅዞ፣ ወደ ሰማያዊ አድልቶ ይታያል። ስለዚህ ሞቅ ያለ ጭጋግ ከፈለጋችሁ ነጩ ላይ ኦከር ወይም ሮዝ ጨምሩ። የአበባውን ጠርዝ ከጀርባው ቀለም ጋር አሻሹት። ከዚያ ተመልሳችሁ የአበባውን ቀለም ወደ ጀርባው አውጡት። ሁለቱ ይበዳደሩ። የሬዶን አበባ የት እንዳለቀና አየሩ የት እንደጀመረ የማይታወቀው አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚገኝ ነው። የቅጠሉ አረንጓዴ ከማስቀመጫው ርቆ ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን ብቅ ቢል አትደንግጡ። ተዉት።

ይህን ድርብ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ይቻላል፣ በየመሃሉ እስኪደርቅ እየጠበቃችሁ። ትዕግሥት ከሌላችሁና እርጥቡ ላይ ካሻሻችሁት ግን ጭቃ ይወጣል።

ደረጃ 8፦ ጥላና ዳር

ጥላን በተመለከተ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ አጥፉት፣ ወይ ቀለም አድርጉት። ከስኒው ሥር የሚወድቀው ጥላ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ የሚቸነክር ምስማር ነው። ሲጠፋ ስኒው ቀለል ይላል። ሁሉንም ካጠፋችሁ ግን ሥዕሉ የተለጣጠፈ ወረቀት ይመስላል። እኔ የምመርጠው አንዱን ዕቃ ያለ ጥላ ትቶ ሌላውን በወይን ጠጅ ወይም በአረንጓዴ ጥላ ማስቀመጥ ነው።

ዳሮቹን አንድ በአንድ ዙሩአቸው። ከአስሩ ሰባቱ የጠፉ፣ ሁለቱ ለስላሳ፣ አንዱ ቁርጥ ያለ ይሁን። ቁርጥ ያለው በደረጃ 5 ላይ የመረጣችሁት የነጭና የጨለማ መገናኛ ነው። ትንሿን ለስላሳ ብሩሽ የምታነሱት ለሱ ብቻ ነው።

ደረጃ 9፦ ሥዕሉን ወደ ግድግዳ ማዞር

ሲያልቅ አላለቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩትና ሌላ ነገር ሥሩ። ሳምንት፣ ወር፣ እንደ ሁኔታው። ሲመለሱ አንዳንድ ነገር ራሱ ይናገራል፦ ይህ ቢጫ ይጮኻል፣ ያ ጥግ ሞቷል።

ቦናር በዚህ የታወቀ ነበር። ሥዕሎቹን ለዓመታት እያነሳ ይጥል፣ እያነሳ ይነካካ ነበር። ሥዕሉ ሙዚየም ከገባ በኋላ እንኳ ቀለም ይዞ ሄዶ በስውር ነካክቷል ይባላል። በመጨረሻ ሥዕሉ፣ ባበበው የለውዝ ዛፍ ላይ፣ ከታች በግራ ጥግ ያለው አረንጓዴ አላስደሰተውም። እጁ ደክሞ ስለነበር የእህቱን ልጅ ሻርል ቴራስን ወደ ቢጫ ለመቀየር እንዲረዳው ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ፣ በጥር 1947 ሞተ። ሥዕሉን ያዩ ሰዎች ያች ቢጫ ጥግ ባትኖር ምን ይጎድል እንደነበር ይገባቸዋል።

እናንተም ስትነካኩ እንዲህ አድርጉ። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀለም። ሙሉውን እንደገና ለመሥራት ከተነሳችሁ አዲስ ሸራ ውሰዱ።

ደረጃ 10፦ መቁረጥ፣ ማድረቅ፣ መስቀል

አሁን ወሰኑን ምረጡ። ከካርቶን ሁለት ኤል ቅርጽ ቆርጣችሁ ሸራው ላይ እያንሸራተታችሁ ፈልጉት። ዕቃ ለመቁረጥ አትሳሱ። የስኒው እጀታ ቢወጣ፣ የአበባው አናት ቢጎድል ጥሩ ነው። ለመወጠሪያ በየጎኑ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡና በእንጨት ላይ ወጥሩት።

ቫርኒሽ ላይ የኔ ምክር አትቀቡ ነው። ቦናርም ቫርኒሽ አይወድም ነበር። ያን ሁሉ ደክማችሁ ያገኛችሁትን ደብዛዛ ገጽ በአንድ ጊዜ ያብለጨልጨዋል። አቧራ ካሳሰባችሁ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ካደረቃችሁት በኋላ የማያብለጨልጭ ዓይነቱን በስሱ ቀቡ። ወይም ፍሬም ውስጥ መስታወት አድርጉለት፣ መስታወቱ ግን ገጹን እንዳይነካው።

ሲደርቅ ጨለማ ክፍል ውስጥ አትቆልፉት። የተልባ ዘይት በጨለማ ይቢጫል፣ ወደ ብርሃን ሲወጣ ደግሞ ብዙው ይመለሳል። ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ብሩህ ግድግዳ ተስማሚው ነው።

ስለ ጨርቁም ልንገራችሁ፣ ቀልድ አይደለምና። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሲጨባበጥና ሲከመር እየሞቀ ሄዶ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ከሥራ በኋላ ወይ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይ ውሃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ካድሚየም ያለበትን የደረቀ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ ብናኙ መርዝ ነው። ተርፐንታይኑንም ሽንት ቤት አትድፉት። በጠርሙስ አስቀምጡት፣ ቆሻሻው ከታች ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን አጥልላችሁ ለሚቀጥለው ሥዕል ትጠቀሙበታላችሁ።